አንድም ሽብሽብ የሌለው ካርታ

ሰኞ፣ ዝናቡ የገባ ዕለት

ካርታው ዛሬ መጣ። ውሃልክ ራሱ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣው። ውሃልክ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ዘመም ካለ ሳያቃና ሻይ የማይጠጣ ሰው ሌላ ምን ይባላል? አሁን ከተማው ሁሉ በዚሁ ይጠራዋል፤ እሱም አይከፋውም።

ካርታውን ያገኙት ተራራው ላይ፣ ከተዘጋው የማዕድን ማውጫ፣ ከአንድ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። የተሠራው አያቶቻችን ጎረምሳ ሳሉ ይመስለኛል። ተራራው በሙሉ በቀጫጭን ቡናማ የከፍታ መስመሮች ተስሏል፤ ጥቅጥቅ ያሉበት ገደል ነው፣ ራቅ ራቅ ያሉበት ሜዳ። ሁሉም ላይ ሰማያዊ ካሬዎች ተሰምረዋል። የማዕድን ዋሻዎቹ በቀይ ነጠብጣብ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም። ምን ዋጋ አለው፣ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተቀዷል፤ ጠርዙን አይጥ በልታዋለች፤ የቀኙ ግማሽ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ደርቋል።

የፈለጉት ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ክረምት፣ ላይ ሰፈር በሚባለው፣ መሬቱ ተከፍቶ የአንዱን ሰውዬ ጋራዥ ከነመኪናው ዋጠው። ከሥር አሮጌ ዋሻ አለ። በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያውቅ ግን በሕይወት የለም፤ ኩባንያው ድሮ ሄዷል፣ ወረቀቱም አብሮት። የቀረችው ይቺ ካርታ ናት። ውሃልክ ከእሷ ላይ ለክቶ ችካል ይተክላል፤ ዋሻው ከሥራቸው የሚያልፍ ቤቶች ዝናቡ ሳይጠነክር ይለቀቃሉ። ታላቅ እህቴ እትዬ እዚያው ላይ ሰፈር ናት። ውሃልክም ከእሷ ወደ ላይ፣ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ይኖራል።

«ወደ ዋናው ከተማ እንላከው ብለው ነበር» አለኝ ካርታውን እያስረከበኝ። «እዚሁ እጁ የተባረከ መጽሐፍ ጠራዥ አለኝ አልኳቸው፣ ጋሼ።»

ደስ አለኝ። ደግሞ ማታ ሳስበው፣ ለምን እንዲህ አሞገሰኝ? ሰው ያለ ምክንያት አያሞግስም።

ረቡዕ

ሥራ ላይ ሰው አጠገቤ ሲቆም አልወድም። ሰው ከቆመ ያያል፤ ካየ ያወራል፤ ካወራ ሙያ ያልቃል። በሩን ቀርቅሬ ዋልኩ።

አቡጀዲውን ጠረጴዛው ላይ ወጥሬ ቸነከርኩ፣ የዱቄት ሙጫ ቀባሁ፣ የግራውን ግማሽ አሳረፍኩ። እንደ ቅቤ ነው የተኛው። የቀኙ ግን ጉድ አሳየኝ። ደርቆ ኩርምት ብሎ ኖሮ፣ ከላይ ሲገጥም ከታች ይጎድላል፣ ከታች ሲገጥም ከላይ። መስመሮቹ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች አጠገብ ለአጠገብ ቆመው አይገናኙም። ውሃ አርከፈከፍኩበት። ለስለስ ሲል ከላይ ወደ ታች ጎተት፣ ደግሞ ጎተት። እልህ ያዘኝና የግራውንም እንደገና አርጥቤ ሁለቱንም አንድ ላይ ወጠርኳቸው።

ገጠመ! እያንዳንዷ መስመር ከጓደኛዋ ገጠመች። የተቀደደው የት እንደነበር እኔ ራሴ በጣቴ ካልዳሰስኩ አላገኘውም። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ድም ይላል። አንድም ሽብሽብ የለውም። ብቻዬን ሳቅኩ።

ዓርብ

ውሃልክ ሊወስድ መጣ። ብዙ አየው። የተቀደደበትን በጣቱ ፈለገ፣ አጣው።

«ጋሼ፣ ሲለጠፍ አልተጎተተም አይደል?»

«አንተ ሱሪ ሳትታጠቅ እኔ ካርታ ስለጥፍ ነበር።»

«እሱማ አውቃለሁ። ብቻ አልተጎተተም ማለት ነው?»

«አልተጎተተም አልኩህ!»

«ካሉ በቃ» ብሎ ጠቅልሎ ሄደ።

ከሄደ ጀምሮ የማስበው ይሄንኑ ነው። ምን ለማለት ነው? በሥራዬ ገብቶ የሚጠይቀኝ ማን ስለሆነ ነው? አሁን ገባኝ፤ ነገ አንድ ነገር ሲበላሽ በእኔ ሊያላክክ ከአሁኑ መንገድ እየጠረገ ነው። የቀያሽ ነገር፣ መንገድ ሳይጠርጉ አይሄዱም።

ሐሙስ፣ በችኮላ

ችካል ተተከለ። ጫፋቸው ቀይ የተቀባ። በእትዬ ግቢ መሃል ለመሃል! አንዱ የእቃ ማጠቢያዋ ሥር። ከእሷ ቤት ወደ ላይ አንድም የለም። አንድም። የውሃልክ ቤት በሰላም ቁጭ ብሏል። እትዬ ስታለቅስ ሰማሁ፤ እህል አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ

እትዬን ዛሬ ወደ እኛ አመጣናት። የስፌት መኪናዋን ደረጃው ሥር አስቀመጥን። ሻንጣዋን ግን አልፈታም አለች። «ከፈታሁት ቀረሁ ማለት ነው» ትላለች። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ወደ ላይ ሰፈር ታያለች። ከዚህ የሚታየው የጣሪያዋ ጫፍ ብቻ ነው።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ አሁንም በእሷ ዓይን ልጅ ነኝ፣ «ቤቴ ግድግዳው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለበትም። ስንጥቁ ያለው ወደ ላይ ነው። ሰው ጆሮ ስለሌለው እንጂ እኔ ተናግሬያለሁ።»

«ለማን?»

«ለውሃልክ ነዋ። ‹ካርታው ዋሻው አንቺ ሥር ነው ይላል፣ እትዬ፤ እኔ ካርታውን አምናለሁ› አለኝ።»

ካርታውን አምናለሁ! እንዲህ ያለ የዋህ ነው እንግዲህ።

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ስገባ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ቀያሽ የራሱ በር ላይ ችካል ተክሎ ያውቃል?» አለ አንዱ። ተሳሳቁ። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ምን ዝም ያሰኛቸዋል? የእሱ ዘመድ ስለሆንኩ ነው። የሚናገሩትን ግን ከተማው ሁሉ እየተናገረው ነው ማለት ነው።

ሚስቱ አራስ ናት። ልጁ ገና አንገቱን አልያዘም። በዚህ ዝናብ አራስ ይዞ ከቤት መውጣት እንደማይፈልግ ማን አጣው? እኔም ብሆን አልፈልግም። ግን እኔ ብሆን ችካሉን በሰው እህት ግቢ አልተክልም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

እሁድ

ከባለቤቴ ጋር ተጋጨን። ምሳ ላይ ነው። ከአፌ አመለጠኝና «ወንድምሽ መስመሩን ወደ ታች ገፍቶታል» አልኳት። እትዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜ?» አለች ባለቤቴ። «ወንድሜ ልጅ ሳለ ከጨዋታ ሲመለስ፣ የሰበረውን ብርጭቆ ይዞ መጥቶ እኔ ነኝ ይል ነበር። ሳንጠይቀው!»

«ያኔ ቤት አልነበረውም።»

«አንተ ሰው፣ ዝናቡ በገባ ቁጥር ከአንድ ሰው ጋር ካልተጣላህ አይሆንልህም። አምና ከአናጺው፣ ዘንድሮ ከወንድሜ።»

«አናጺው ጣውላዬን...»

«ጣውላህ ከአልጋህ ሥር ተገኘ!» ተነሳች፣ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ከማድ ቤት ሆና፣ ለእኔ ይሁን ለሳህኖቹ ባልታወቀ ድምፅ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች።

ምን ለማለት ነው? ምን ሰምታለች? ወንድምና እህት ሲማከሩ ሰንብተዋል ማለት ነው። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዝም ማለት ነው የሚያዋጣኝ።

ማክሰኞ

ጥሩ ነገር አገኘሁ። አናጺው፣ አዎ ያው አናጺ፣ ሙጫ ሊዋስ መጣ። ከውሃልክ ቤት እየተመለሰ ነበር።

«በሩን ደግሞ በመላጊያ ላግኩለት» አለ። «ስንተኛዬ እንደሆነ ጠፍቶኛል። ዛሬ ብልገው ነገ ይጣበቃል።»

«እርጥበት ነው።»

«እርጥበት ሲሆን በሩ ያብጣል። ይሄ በሩ አላበጠም፤ መቃኑ ነው የሚንጋደደው። ገርሞኛል ለራሴ።»

እኔ አልገረመኝም። በር በየጊዜው የሚያሠራ ሰው የሚዘጋበት ነገር አለው። ምን አስገብቶ ነው የሚቆልፈው? ምናልባት የመጀመሪያውን ልኬት እዚያ አስቀምጦ ይሆናል። ሌላ ቅጂ ሠርቶም ይሆናል። ካርታውን እኔ ራሴ ማየት አለብኝ።

ሐሙስ

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ካርታው የውሃልክ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አላዘመመም እርግጥ። «ጠርዙ ላይ የሆነ ነገር ላስተካክል» አልኩት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ልጁ አላስተኛው ብሎ ይሆናል። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ አውርዶ ሰጠኝ። ደረሰኝ እንኳ አላስፈረመኝም።

ይሄም አጠራጠረኝ። ንጹሕ ሰው እንዲህ በቀላሉ ይሰጣል?

ሐሙስ፣ ማታ

ያዝኩህ!

ካሬዎቹ ካሬ አይደሉም። ሰማያዊ ካሬዎቹን በብረት ማስመሪያ ለካሁ። ከግራ ወደ ቀኝ ልክ ናቸው። ከላይ ወደ ታች ግን ረዝመዋል። አንዱን ለካሁ፣ ሌላውን ለካሁ፣ ሁሉም ረዝመዋል፤ በቀኝ በኩል፣ ላይ ሰፈር ባለበት፣ ይበልጥ። ብዙ አይደለም። ውሃልክ ልኬቱን ከሚጀምርበት፣ ከተራራው ጫፍ የድንጋይ ምልክት፣ እስከ ቀዩ ነጠብጣብ ድረስ ሲደመር የሩዝ ፍሬ ውፍረት ነው። ግን በዚህ ካርታ የሩዝ ፍሬ ውፍረት መሬት ላይ ሲወርድ ሁለት ቤት ያህላል። ውሃልክ የሚለካው ከታች በተሰመረው መለኪያ ነው፤ እሷ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ የተሰመረች ናት፤ ምንም አልሆነችም። የዚያን ዘመን ሕንፃዎችም ፈርሰዋል፤ ወንዙም አልጋውን ቀይሯል። ከድንጋዩ ምልክት ሌላ የሚያመሳክርበት የለም።

እንግዲህ ነካክቶታል! በእንፋሎት ይሁን በካውያ አንድ ነገር አድርጎታል። እሁድ የላይ ሰፈር ሰው ስብሰባ አለ። እዚያ ዘርግቼ ማስመሪያውን አስቀምጥበታለሁ። እስኪ ውሃልክ ይሄን ያቃና።

ራት በላሁ። እትዬ «ዛሬ ፊትህ በራ» አለችኝ።

ከራት በኋላ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። አቡጀዲ ላይ ተጣብቆ የደረቀ ወረቀት አይለጠጥም። ሊለጥጠው የፈለገ ሰው መጀመሪያ መንቀል አለበት። አልተነቀለም። ከአራቱም ማዕዘን በቢላ ጫፍ ሞከርኩት። የእኔው ሙጫ ነው፣ የእኔው የብሩሽ አጣጣል ነው።

እንቅልፌ መጣ።

ዓርብ

ሥራ በዝቷል። የትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት ጀርባው ተገንጥሏል፣ የሐኪሙ ወፍራም መጽሐፍ አለ። ካርታው ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። አላየሁትም።

ቅዳሜ

አይጥ የበላችውን ጠርዝ ስከረክም የተረፈ ቁራጭ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለካሁት። ሙጫ ቀባሁት። ትንሽ ሳብ አድርጌ አቡጀዲ ላይ ለጠፍኩት። ሲደርቅ ለካሁት። ጣልኩት።

ማድረጉም አላስፈለገም ነበር። ወረቀት ሲረጥብ እንደሚለጠጥ ሙያውን በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተማርኩት።

እትዬ እኛ ጋ ደህና ናት። መስኮቱን ለምዳዋለች። የሰፈሩ ሰው ልብስ እያመጣ ታሰፋለች። ችካሉ እንዳለ ቢቀር ማን ተጎዳ? ቤት ነው። ቤት ደግሞ በችካል አይፈርስም። ለማን ብዬ ነው የሙያዬን ስም አፈር የማስበላው? «አልተጎተተም» ብያለሁ። ጮኼ ነው ያልኩት። ጎረቤት ሰምቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

መስመሩ ወደ ታች ከተገፋ እውነተኛው ከእትዬ ቤት ወደ ላይ ነው። ሁለት ቤት ወደ ላይ።

ሁለት ቤት ወደ ላይ ማን እንዳለ አውቃለሁ።

ስብሰባው ነገ ነው። እዚያ ባየው፣ ጠጋ ብዬ በጆሮው...

እሁድ፣ ጠዋት

አናጺው በሩጫ መጣ፣ ፍልጥ መገንጠያ ብረት ይዞ። እየሳቀ ነው፣ ጅል! «ዛሬ ጭራሹን ተቀረቀረ፤ አራሷን ከነልጇ በመስኮት ላወጣት ነው እንግዲህ። ያንን ትልቁን ብረትህን አውሰኝማ፣ የኔው ቀጥኖ...»

ካርታውን ይዤ ወጣሁ። ጫማዬን አላሰርኩም።

እሁድ፣ ከሰዓት

የሆነውን እንዳለ ልጽፈው።

ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ ጎርፍ ነው። ውሃልክ ቤት ስደርስ ከውጭ ቆሞ በሩን በትከሻው እየገፋ ነበር። ለስብሰባው ለብሷል፤ ነጭ ሸሚዙ በጭቃ ተለውሷል። ከውስጥ ልጁ ያለቅሳል። ከመቃኑ ወደ ላይ፣ እስከ ጣሪያው፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። እትዬ የተናገረችው።

«አውጣቸው!» አልኩት።

«በሩ እኮ ጋሼ...»

«በመስኮት! ዋሻው ያለው እዚህ ነው። ከእግርህ ሥር። ጎትቼዋለሁ!»

አየኝ። ካርታው ብብቴ ሥር ነው፣ ዝናቡ እየመታው። ገባው። ያልገባው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። መስኮቱን በክርኑ ሰበረ፣ ዘሎ ገባ፣ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቀበለኝ። ቀጥሎ ሚስቱን። አናጺውም ደርሶ አገዘን፤ አሁን አይስቅም። ሕፃኑን ኮቴ ውስጥ ከተትኩት። ትንፋሹ ደረቴን አሞቀው።

ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆምን። ሚስቱ ትንቀጠቀጣለች። መቻል አቃተኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት። አዎ፣ አልኩት። ሰው በጨነቀው ጊዜ ምን እንደሚል አያውቅም።

«ጠይቄዎት ነበር፣ ጋሼ» አለ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እንዴት በወደድኩ።

ማክሰኞ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የውሃልክ ቤት አንድ ጥግ ሰመጠ። አልጋው የነበረበት ጥግ ነው። አልጋው አሁንም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው ይላሉ፣ እግሮቹ ወደ ላይ። ሄጄ አላየሁም።

ሁሉም እኔ ቤት ናቸው። አራሷ በእኛ መኝታ ቤት፣ እኔና ባለቤቴ ሳሎን። ባለቤቴ አላናገረችኝም፤ ግን ማታ ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ጎተት አደረገችልኝ። እትዬ ሕፃኑን ታቅፋ «ሻንጣዬን ባልፈታ ደግ አደረግኩ» ትላለች። ነገ ቤቷ ትመለሳለች። እህቴን ማየት ከበደኝ።

ውሃልክ ካሬዎቹን ራሱ ለካ፣ ልዩነቱን አስቦ ቀነሰ፣ ችካሎቹን ነቅሎ እንደገና ተከለ። የመጀመሪያውን የተከለው የራሱ በር ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጋ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ቆመው አዩ። ከዚያ በላይ ያሉትም ሦስት ቤቶች ተለቀዋል። ለሰፈሩ ሰው ምን ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም። የእኔን ስም የጠራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሐሙስ

ውሃልክ ወደ መሥሪያዬ መጣ። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ የዝናቡ ነጠብጣብ አቡጀዲው ላይ ምልክት ትቷል።

«ነቅለው እንደገና ይለጥፉልኝ» አለ። «የታች ሰፈር ዋሻዎች ቀርተዋል። ስሌቱን ብቻ አላምንም።»

«አሁንስ ወደ ዋናው ከተማ ላከው» አልኩት። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

«እነሱ ቢጎትቱት እኔ በምን አውቃለሁ? እርስዎ አሁን አይጎትቱም።»

ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ብሩሹንም አነሳ። ግድግዳዬ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየት አደረገና ቀና አደረገው። ሊሄድ አይደለም። አጠገቤ ሊቆም ነው።

ሰው ያለ ምክንያት ይቅር አይልም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት።

ወረቀቱን ውሃ ውስጥ አስገባነው፤ ሙጫው ቀስ እያለ ለቀቀ። እሱ በአንድ በኩል ይዞ እኔ በአንድ በኩል፣ ሳንጎትት፣ በየጊዜው ካሬዎቹን እየለካን አሳረፍነው። ሁለቱ ግማሾች መሃል ላይ ትንሽ አልተገናኙም፣ መስመሮቹም እዚያ ይቋረጣሉ። እንዳለ ተውነው። ጠርዙ ላይ ሽብሽብ አለ።

ስንሠራ የዋልነው በሩን ክፍት አድርገን ነው።